ለጋሼ ጸጥ ያለ ላፕቶፕ

መስከረም 12

ይድረስ ለጋሼ፣

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኮሌጅ ሲከፈት የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ሠራተኛ ሰው መሆኗ ይቀራል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛ ሥር ለሥር ስድህ ነው የከረምኩት።

ደብዳቤዎን ግን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። የባትሪ ሰዓትን እንኳ «ነፍስ የለውም» ብሎ የሚንቀው ሰዓት ሠሪ አጎቴ «ኮምፒውተር ፈልጊልኝ» ይለኛል! የጻፉት እርስዎ መሆንዎን ያመንኩት «ጉንዳኔ» ብለው ስለጀመሩ ነው። በልጅነቴ ከጠረጴዛዎ ላይ ብሎን እየተሸከምኩ ስሄድ ያወጡልኝን ስም ከእርስዎ በቀር የሚያውቀው የለም።

የጠየቁኝ ነገር በእርግጥ አለ። የሰዓትን ምት በትንሽ ማይክሮፎን አዳምጦ እያንዳንዱን ምት ስክሪን ላይ በነጥብ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ ሰዓቱ ልክ ነው፤ ወደ ላይ ካዘመሙ ይቀድማል፣ ወደ ታች ካዘመሙ ወደኋላ ይቀራል። በቀን ስንት ሴኮንድ እንደሚስትም በቁጥር ይጽፋል፣ ወረቀት ላይም ይታተማል። ፕሮግራሙ የተሠራው ሊኑክስ ለሚባለው ሲስተም ነው፤ እሱን ደግሞ እንደ ጓዳዬ ነው የማውቀው።

ችግሩ ሊኑክስ ሁሉም ላፕቶፕ ላይ እሺ አይልም። አንዱ ላይ ማይኩን አላውቀውም ይላል፣ ሌላው ላይ አንዴ ከተኛ አይነሳም። ሁለተኛው ችግር ይብሳል። ላፕቶፕ ሲሠራ ውስጡ ያለው ማራገቢያ፣ ፋን የሚሉት፣ ይነሳል፣ ማይኩም የሰዓቱን ምት ከፋኑ ጩኸት አይለይም። ስለዚህ የምፈልግልዎ ሊኑክስ የሚስማማው፣ ደግሞም ጸጥ ያለ ላፕቶፕ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ እሞክራለሁ።

ለምን አሁን እንዳስፈለገዎ ግን አልጻፉልኝም። ስልክስ ለምንድን ነው የማያነሱት? ሦስት እሑድ ደወልኩ።

ልጅዎ


መስከረም 24

ጉንዳኔ፣

ከጉልበቴ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው። ጉልበትም ቢሆን ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ምን ያደርግለታል።

የስልኩን ነገር ተይው። የሕንጻው ጣሪያ ከታደሰ ወዲህ መስመሩ ይቆራረጣል። ደግሞ የስልክ ወሬ ወዲያው ይረሳል፤ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። እናትሽም ነፍሷን ይማረውና ደብዳቤ ነበር የምትወደው። እህቴ ስለሆነች አይደለም፣ አጻጻፏ ከአንቺ ይሻል ነበር።

ለምን አሁን ላልሽው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ስልኩ ላይ ማየት ከጀመረ ወዲህ የቀረኝ ደንበኛ አንድ የአውቶቡስ ድርጅቱ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ አሁንም በእጅ በሚሞላ ሰዓት ነው የሚሠሩት። ሰዓቶቹን ሰብስባ የምታመጣልኝን ሴትዮ ታስታውሻታለሽ፣ ፊሽካ የምንላት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሷ ታመጣለች፣ እኔ እሠራለሁ። «ጋሼ አዳምጦታል» ማለት ይበቃ ነበር። አሁን አዲስ ኃላፊ መጥቶ «ለእያንዳንዱ ሰዓት የልኬት ወረቀት ይምጣ፣ ካልሆነ ሥራው ወረቀት ለሚያወጣ ይሰጣል» አለ። ሰው በጆሮ ማመን ትቷል።

ይህ ሥራ ከሄደ ሱቁን ቆልፎ ቤት መዋል ነው። ቤት የዋለ ሰዓት ሠሪ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ሌላ ነገር ሆኜ አላውቅማ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና ፈልጊልኝ።

አጎትሽ


ጥቅምት 9

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ከሁለት ላፕቶፖች ጋር ይድረስዎ! አዎ፣ ሁለት። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ። ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው፤ ሊኑክስ ጭኜባቸው ሁለቱም ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል። ማይኩን ያውቁታል፣ ሲተኙ ይነሳሉ፣ ፕሮግራሙም ገብቷል። ከአሥራ አንድ ላፕቶፕ እነዚህን ነው የመረጥኩልዎ፤ ሻጩ ሲያየኝ በጓሮ በር መውጣት ጀምሮ ነበር።

የትኛው ጸጥ እንደሚል ግን እኔ መለየት አልቻልኩም። የምሠራበት ክፍል ሠላሳ ኮምፒውተር ባንድ ላይ ያጉረመርማል፤ ቤት ወስጄ እንዳልሞክራቸው ከላይ ያለው ጎረቤቴ ወለሉን እያስቆፈረ ነው። ደግሞ ላፕቶፕ እኔ ዘንድ ጨዋ ሆኖ እርስዎ ዘንድ ሥራ ሲበዛበት ሊጮህ ይችላል። እዚያው ጠረጴዛዎ ላይ ቢሞከር ይሻላል። ሁለቱንም ከፍተው ፕሮግራሙን አስነስተው ግማሽ ሰዓት ያቆዩዋቸው፤ ከዚያ ጸጥ ያለውን ያስቀሩና ሌላውን በዚያው አውቶቡስ ለሻጩ ይመልሱለት። አሥር ቀን ሰጥቶኛል።

እኔ ብመርጥ እሳሳታለሁ። ከእርስዎ ጆሮ የተሻለ ጆሮ አላውቅም። ከጓዳ ሆነው የግድግዳው ሰዓት ሊቆም ነው ይሉኝ የነበረውን አልረሳሁም።

ጉንዳንዎ


ጥቅምት 21

ጉንዳኔ፣

ዕቃው በሰላም ደረሰ። እንዳልሽው አደረግኩ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ከፍቼ ግማሽ ሰዓት አቆየሁና አንዱ ላይ አንድ እጄን፣ ሌላው ላይ ሌላውን አሳረፍኩ። ግራጫው ይሞቃል። ወዙ ጠብ እስኪል የሚለፋ ማሽን ነው መቼም። ጥቁሩ ቀዝቀዝ ብሎ ተቀምጧል፣ ሥራ የከበደው አይመስልም። ጥቁሩን አስቀርቼ ግራጫውን በማግሥቱ ለሻጩ መለስኩለት። ሰውየው እንደ ተቀበለ ጽፎ ፈርሞልኛል።

ዝምታውን ብታይው! ድምፅ የሚባል የለውም። እጅሽ ይባረክ።

አንዲት ነገር ብቻ። ነጥቦቹ መስመር አልይዝ አሉ። ስክሪኑ ላይ እንደ ፈሰሰ ሽምብራ ነው የሚበተኑት። ቁጥሩም አንዴ ስምንት፣ አንዴ አርባ ይላል። ይህ የማሽኑ ጠባይ ነው ወይስ እኔ ያጠፋሁት አለ?

ፊሽካ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ሰዓቶች አምጥታለች። ኃላፊው ወረቀቱን ይጠብቃል።

አጎትሽ


ኅዳር 3

ይድረስ ለጋሼ፣

ዕንቅልፍ የነሳኝን ነገር ጽፈውልኛል። ማሽኑ ጸጥ ካለ ጥፋቱ ከሊኑክሱ ነው፣ ከሊኑክሱ ከሆነ ደግሞ ከእኔ ነው። ይቅርታ። ማይኩ ሳይነገረው ራሱን በራሱ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመስለኛል። ልማዱን የሚያስተዉ ሦስት ትእዛዞች በሌላ ወረቀት ጽፌልዎታለሁ። ፊደል በፊደል፣ ክፍት ቦታውንም ሳይዘሉ ይጻፉ። ካልሆነ የማይኩን መቆንጠጫ የሰዓቱ ጎን ላይ ያድርጉት።

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እንዳይቆጡኝ። እርግጠኛ ነዎት፣ ፋኑ አይሰማም? ትንሽ እንኳ?

ሰኞ አራት ጊዜ ደወልኩ። አንድ ጊዜ ተነስቶ ተዘጋ። እርስዎ ነበሩ?

ልጅዎ


ኅዳር 15

ጉንዳኔ፣

ትእዛዞቹን ለቅሜ ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ አንዲት ሰረዝ ረስቼ ማሽኑ ስድብ የሚመስል ነገር ጻፈልኝ፤ ሰረዟን ስመልስለት ይቅር አለኝ። ነጥቦቹ ግን ያው ናቸው። ፋኑ እንደማይሰማኝ በእናትሽ እምልልሻለሁ።

አሁን የምነግርሽን ሳልነግርሽ ልቀር ነበር። ጊዜው ሲሄድብኝ ማሽኑ ባወጣው ቁጥር ሠራሁ። «በቀን አርባ ሴኮንድ ወደኋላ ይቀራል» ሲለኝ የሰዓቱን ፍጥነት የምታስተካክለውን ምላስ ገፋ አደረግኩ። እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። አርባ ዓመት የሠራ እጅ ያውቃል። ግን ማሽን ለምን ይዋሻል፣ እኔ ነኝ ያረጀሁት አልኩና እጄን አስገድጄ ሠራሁት። ወረቀቱንም አትሜ ፈርሜ ሰጠሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

የሠራኋቸው ሰባቱ ሰዓቶች ተመለሱ። አንዱ በቀን ስድስት ደቂቃ ይቀድማል። አንዱ ተቆጣጣሪ አውቶቡሱን ሰው ሳይሞላ አስነሳ፤ መንገደኞች ሜዳ ላይ ቀሩ። ፊሽካ ሰዓቶቹን ስታስረክበኝ ዓይኔን አላየችም። አምስቱን ገና አልነካኋቸውም፤ መንካት ፈራሁ። በሥራዬ አፍሬ አላውቅም ነበር፣ ልጄ።

አጎትሽ


ኅዳር 24

ጉንዳኔ፣

በመጨረሻው ደብዳቤሽ እንድቀዳልሽ የጠየቅሽኝ ድምፅ እነሆ በፍላሹ ላይ አለ። እንዳልሽው ማይኩን ሰዓቱ ላይ ቆንጥጬ፣ ቀይዋን ምልክት ተጭኜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ቀዳሁ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ በነገው አውቶቡስ ይወጣል። ጠባዩ ከገባሽ ቶሎ ጻፊልኝ። ድርጅቱ በቅርቡ ሊወስን ነው ይባላል፣ ቀኑን ግን የነገረኝ የለም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 1

ይድረስ ለጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሦስተኛዬ ነው። በሁለቱ ላይ ስለ ላፕቶፑ ብቻ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኳቸው።

መጀመሪያ ላፕቶፑ። ፍላሹን ከፍቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ደንግጬ አወለቅኩት። ጋሼ፣ ፋኑ ይጮኻል። ትንሽ አይደለም፤ እንደ እህል ወፍጮ ነው የሚጮኸው። ከሥሩ የሰዓቱ ምት የለም። ፕሮግራሙ ከወር በላይ ሲቆጥርልዎ የኖረው ፋኑን ነው። ጥቁሩ ቀዝቀዝ ያለው ፋኑ ያለ ዕረፍት ስለሚሽከረከር ነው። ግራጫው የሞቀውም ፋኑ ስላልተነሳ ነበር። የመለሱት ጸጥ ያለውን ነው።

ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ግራጫውን በተመለሰለት በሦስተኛው ቀን ሸጦታል። ለማን እንደሆነ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ሌላው። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ የሰማሁትን ብቻ ልጻፍ። አራተኛው ደቂቃ ላይ በር ይከፈትና አንዲት ሴት «ጋሼ!» ትላለች። ደግማ ትጠራለች። ሦስተኛውን ጮክ ብላ ነው። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ተቀይመውኛል መሰለኝ። ይሁን። ሰዓቶቹን የመለስኩት ወድጄ አይደለም፣ ታዝዤ ነው። ጋሼ፣ ዓርብ ይወስናሉ። ያልነኳቸውን አምስቱን ይስጡኝና ታመው ነበር ብዬ ልመልስ። ኃላፊውን ለምኜ አንድ ወር እጨምርለታለሁ አሰኝቼዋለሁ። እርስዎ ብቻ እሺ ይበሉኝ።»

ፋኑ ብቻ።

«መናገር ባይፈልጉ ራስዎን ይነቅንቁልኝ።»

ቆየች። ስቆጥረው አርባ ሴኮንድ ነው። «እሺ፣ እንግዲህ ይቅር» አለችና በሩ ተዘጋ። ወዲያው የእርስዎ ድምፅ ቀረብ ብሎ መጣ፦ «ጉንዳኔ፣ እንግዲህ ይኸውልሽ፣ ዛሬ ሰው የሚባል አልመጣም፣ ጸጥ ያለ ቀን ነው፣ በደንብ ይሰማሻል።»

ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?

የእኔንም ልንገርዎ፣ ይጥሉኝ እንደሆነ ይጣሉኝ። ፖስታው የደረሰው ሐሙስ ነው። እኔ ሌላ ግቢ ጠረጴዛ ሥር ገመድ እየዘረጋሁ ነበር፤ «ዕቃ መጥቶልሻል» ሲሉኝ «ጠረጴዛዬ ላይ አድርጉት» አልኩ። የከፈትኩት ቅዳሜ ነው። ዓርብ ሙሉ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ቅዳሜ ወደ ድርጅቱ ደወልኩ፣ ቢሮው ዝግ ነበር። ሰኞ ስደውል «ተወስኗል» አሉኝ። ማንን እንደምሰድብ ጠፍቶኝ ራሴን ስሰድብ ነው የሰነበትኩት።

ጸጥ ያለ ላፕቶፕ አገኛለሁ። ምድርን ቆፍሬም ቢሆን አገኛለሁ። እባክዎ ሱቁን አይዝጉ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 20

ጉንዳኔ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ለመጀመሪያው መልስ ያጣሁት ተቀይሜሽ አይደለም። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በእጁ ጽፎ ሲያየው ይከብደዋል።

ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ ግራ ጆሮዬ ሄደ፣ ከዚያ ቀኙ ተከተለው። ታዲያ እንዴት ስሠራ ቆየሁ ትይኛለሽ። በጥርሴ። የሰዓቱን ጀርባ በጥርሴ ነከስ አድርጌ ስይዘው ምቱ በአጥንቴ በኩል ይደርሰኝ ነበር። ደንበኛ እንዳያየኝ ዞር እያልኩ ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠራሁ። ባለፈው ክረምት እሱም ጠፋ። ኮምፒውተር ፈልጊልኝ ያልኩሽ ያኔ ነው። የኃላፊው ወረቀት ሰበብ ሆነኝ እንጂ፣ ወረቀቱ ባይመጣም እለምንሽ ነበር። ስልኩንም አንስቼ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስምሽን ስክሪኑ ላይ አይቼ አነሳሁት፣ ጆሮዬ ላይ ጫንኩት፣ ምንም የለም።

ላንቺ እንኳ ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው። ምት የማይሰማ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ማን ሰዓቱን ይዞ ይመጣል? ፊት ለፊቴ የቆመውን ሰው ከንፈሩን እያየሁ እገምታለሁ። አጉሊ መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ ስል ግን ከሱቄ መስኮት ፍርግርግ ማዶ ያለው ዓለም አይኖርም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሕንጻው ሁሉ ሲያማኝ ኖሯል። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ «እኛ ደግሞ ኮርተህብናል ስንል ነበር» ብሎ ጻፈልኝ።

ደብዳቤሽን ይዤ ፊሽካ ዘንድ ሄድኩ። አውቶቡስ ተራ መሐል ቆማ አነበበችው። ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች። ሥራው ለሌላ ተሰጥቷል፣ ኃላፊውም አንዴ የተፈረመ አይነሳም ብሏል። ትኬት ጀርባ ላይ «ምነው ነግረውኝ ቢሆን» ብላ ጻፈችልኝ።

የሐሙሱን ነገር ከልብሽ አውጪው። ሐሙስ ብትከፍቺውስ በምን ትነግሪኝ ነበር? ስልክ የማላነሳው፣ በስልክ የሚጻፍልኝንም የማልከፍተው እኔ ነኝ። ግራጫውን የመለስኩትም እኔ። «በእናትሽ» ብዬ የማልኩልሽም እኔ። ላንቺ የሚተርፍ ጥፋት የለም።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ አገኘሁ ያልሽውን ላፕቶፕ አትላኪው። ሊኑክሱ ያለ እንከን ይሄድለታል፣ ጆሮ ቢያስጠጉት እንኳ ትንፋሽ የለውም ብለሻል፤ አምንሻለሁ፣ ሦስት ወር የለፋሽበት ነው። እዚህ ግን የሚያዳምጠው ሰዓት አይኖርም። አምስቱንም ሳልነካ መልሻለሁ። ወረንጦዎቹን፣ ብሎን መፍቻዎቹን፣ መነጽሩንም ከሕንጻው ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ለሚሠራው ሰዓት ሠሪ ሰጠሁት። ሱቁን ትናንት አስረከብኩ። አትጻፊልኝ፣ አታባብዪኝ፤ አልዋሽሽም፣ ጠዋት ተነስቼ የት እንደምሄድ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ያብሰለስለኛል። አንቺ የሰማሻት በአሥር ደቂቃ ውስጥ የመጣችውን አንዲት ሴት ነው። ሦስት ዓመት ስንት አሥር ደቂቃ አለው? ስንቱ ቆሞ ጠርቶኝ፣ ተቀይሞኝ ሄዷል? የእናትሽ የልብ ጓደኛ መምጣት የተወችው ያለፈው ዓመት ነው፤ ጠልታኝ መስሎኝ ተቀይሜያት ነበር።

በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ ብለሻል፤ እሺ ነይ። የቤቴን በር ክፍት አደርገዋለሁ። አታንኳኪ፣ ስሜንም አትጥሪ። ገብተሽ ከፊቴ ቁሚ።

አጎትሽ